ለእናቴ ካሜራ አንድ ቋሚ ቁጥር ስለመለመን

ለተከበሩ የሕንጻችን አስተዳዳሪ፣
የራውተሩና የይለፍ ቃሉ ብቸኛ ባለአደራ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም ሊፍቱ ከተበላሸ ወዲህ ከምድር ቤት ከፍ ብለው የማያውቁት እግሮችዎ ደህና እንደሆኑ አምናለሁ። የእኔን እግሮች ባይጠይቁኝ ይሻላል።

እኔ ከቢሮዎ ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ ነኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ መርሳት የጀመራትና ጉልበቷ የከዳት እናቴ አለች። ክፍሏ ውስጥ ትንሽ ካሜራ ሰቅዬ፣ እየሰፋሁ በስልኬ አያታለሁ፤ ማለቴ፣ አያት ነበር። ስልኬ ካሜራውን የሚያገኘው በቁጥሩ፣ ማለትም በአይፒ አድራሻው ሲሆን፣ ያንን ቁጥር የሚያድለው ቢሮዎ ያለው፣ ለሕንጻው ሁሉ ኢንተርኔት የሚያከፋፍለው ራውተር ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን እኔም በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ከሥራ ሲወጡ ራውተሩን «እሱም ይረፍ እንጂ» ብለው ስለሚነቅሉት እጅግ አመሰግናለሁ። ለዕቃ እንዲህ የሚራራ አንጀት ብርቅ ነው። ጠዋት ሲሰኩት ግን የትናንቱን ሁሉ ረስቶ ይነሳና ለቀደመው ሁሉ እንዳሻው ቁጥር ያድላል። ሰኞ የቁጥሩ መጨረሻ 23 የነበረው የእናቴ ካሜራ ማክሰኞ 41 ሆነ፤ ረቡዕ የት እንደገባ እንጃ። በ23 ብገባ የእኔው ዓይነት ካሜራ ያላቸው የሕንጻችን ጥርስ ሐኪም ተራ መጠበቂያ መጣልኝ። እናቴን ፍለጋ ወጥቼ ጉንጩን ይዞ የሚያቃስት ጎልማሳ ሳይ ዋልኩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

፪ኛ. ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ የእህቴ ባል ችግሬን አይቶ፣ እርስዎን ላለማስቸገር ብሎ 23ን በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ቋሚ ቁጥር አድርጎ ራሱ ሞላበት። ራውተሩ ግን ይህን ማን ነግሮት? ያንኑ 23 ለጥርስ ሐኪሙ ማተሚያ ሰጠው። ሁለቱ በአንድ ቁጥር ተጣልተው ሁለቱም ጠፉ፤ ሐኪሙም ነጭ ካባቸውን እንደለበሱ ወርደው ተቆጡኝ። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ አልክድም። አማቼ በኋላ እንደነገረኝ መድኃኒቱ ራውተሩ ውስጥ ነው። ካሜራው ከፋብሪካ ይዞት የወጣው የማይለወጥ መለያ አለው፤ ያንን መለያ ከ23 ጋር አንድ ጊዜ በራውተሩ መዝገብ ካሰሩት፣ ቢነቅሉት ቢሰኩት 23 የእናቴ ነው። ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው አለ።

፫ኛ. ለአምስቱ ደቂቃ በጽሑፍ እንዳመለክት፣ ማመልከቻውን በሦስት ቅጂ እንዳቀርብ፣ ከዚያም ኮሚቴ እስኪሰበሰብ እንድጠብቅ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። «ሁሉም መሣሪያ እኩል ነው፤ ለአንዱ ቋሚ ቁጥር ብሰጥ ሌላው ምን ይለኛል?» ያሉኝን መቼም አልረሳውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለውም መክረውኛል። እኔ እስካሁን ያፈሰስኩት ላቤን ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ሰማንያ ስምንት ደረጃ ወጥቼ፣ አይቻት፣ ሰማንያ ስምንት እወርዳለሁ። ቁጭ ስል ልቤ ይነሳል፤ ስነሳ ክሩ ይበጠሳል። አንዱን እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ደንበኛዬ ለብሶት ከሄደ በኋላ ነው ያወቅኩት።

፬ኛ. ባለፈው ሐሙስ አንድ ሙሽራ ሱሪውን ሊወስድ በሬ ላይ ስለቆመ አንድ ዙር ዘለልኩ። አንዱን ብቻ። ስወጣ እናቴ ከአልጋው ሥር ወድቃ፣ የግራ እጇ አብጦ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። ደንግጬ «ምነው አንድ ጊዜ እንኳ ብትጮሂ!» ብላት፣ «ምን ያስጮኸኛል? እያየሽኝ አይደል? በደህናው እጄ ሳወዛውዝልሽ ነበር እኮ» አለችኝ። ስታወዛውዝ የቆየችው ለካሜራው ነው።

ይህኛውን ምስጋና እንዴት እንደምጨርሰው አላውቅም፤ አልጨርሰውም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና አባል እንደመሆንዎ ከራስዎ ጋር የሚሰበሰቡበት ቀን እንዲገጣጠምልዎ እየተመኘሁ፣ አራተኛ ቅጂ ቢያስፈልግ ከመሮጥ ወደኋላ እንደማልል በትሕትና አረጋግጣለሁ።

ሁልጊዜም በደረጃው ላይ የምገኝ፣
የምድር ቤቷ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ሐሙስ ከሰዓት አማቼ ሊለምንዎ ሲመጣ፣ እንደማይቻል ሊያሳዩት የራውተሩን ገጽ ከፍተውለት ነበር። ቋሚ ቁጥር የተሰጣቸው መሣሪያዎች መዝገብ ላይ አንድ ስም አንብቦ ተመልሷል፦ «የአስተዳዳሪ ቴሌቪዥን»። ኳሱ ሳይቋረጥ እንዲያዩ ያደረገልዎ ፈጣሪ ይመስገን፤ ከሥሩ ያለው መስመር ባዶ ነው አሉ። እናቴ ዛሬም ጠዋት ለካሜራው እጇን አንስታልኝ እንደነበር ስወጣ ነገረችኝ፤ እኔ ጋ አልደረሰም። ቴሌቪዥንዎ ላይ ድንገት አንዲት አሮጊት እጇን ስታወዛውዝ ካዩ፣ እባክዎ ሰላምታዋን ይመልሱላት።