ሰሊጥን በቡቃያው ያረሙት ወይዘሮ ሐረግወይን አስናቀው (1962–2017 ዓ.ም.)

እዚህ ከተሰበሰባችሁት መካከል ዘንድሮ ሰሊጡን በቡቃያው ያረመ ማን ነው? ወይዘሮ ሐረግወይን ይህን ሳይጠይቁ ሰላምታ እንኳ አይጨርሱም ነበርና ታሪካቸውም ከዚሁ ይጀምር።

ወይዘሮ ሐረግወይን ከአባታቸው ከአቶ አስናቀው ተድላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይመኙሻል ሙላው በ1962 ዓ.ም. በወሎ፣ ደላንታ ተወለዱ። አራተኛ ክፍል ሳሉ ድርቁ ትምህርቱንም እርሻውንም አቋረጠባቸውና በ1977 ዓ.ም. ከወላጆቻቸው ጋር በሰፈራ ወደ ወለጋ፣ አንገር ሸለቆ መጡ።

ሰሊጥን በገበያ እንጂ በማሳ አይተውት አያውቁም ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ደቦ ተጠርተው ሲያርሙ ሰሊጡን እየነቀሉ አረሙን በክብር አቆሙት። የማሳው ባለቤት፣ የጎረቤታቸው የጨመዳ እናት፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰሊጡን ለከብት፣ አረሙን ለእኛ?» ብለው አገር አሳቁባቸው። ከዚያ ግን አጠገባቸው ቁጢጥ ብለው ሁለቱን ቡቃያ ጎን ለጎን እየያዙ መለየት አስተማሯቸው። አፋን ኦሮሞንም የጀመሩት ከዚያው ማሳ ነው። በ1982 ዓ.ም. አቶ ጨመዳ ኢቢሳን አግብተው ሌሊሳን፣ እስራኤልንና መሲን ወለዱ።

የሸለቆው ደቦ ግን መጀመሪያ የሚወጣው ለበቆሎ ነው፤ ሰሊጥ ተራው ሲደርስ ይታረማል። ለምን ቢባል «ጠንከር ይበል፣ ያኔ ከአረሙ ይለያል»። ይለያል! አረም ከዋጠው በኋላ ምኑ ይለያል? ሰሊጥ በቡቃያነቱ አዝጋሚ ነው፤ ያኔ የተቀማውን ኋላ ምንም ቢደክሙለት አይመልስም። ወይዘሮ ሐረግወይን ብትን መዝራቱን ትተው በመስመር ዘሩ፤ «ጥልፍ ትጠልፋለች» ተባሉ። በቡቃያው አረሙ፤ ደግመውም አረሙ። መኸር ሲደርስ እነዚያው ቀላጆች እየመጡ ነዷቸውን በእጃቸው ያነሡ፣ ክብደቱንም ይሞክሩ ጀመር። ልጆቻቸው ነቀምቴ ድረስ ሄደው የተማሩት በዚህ ሰሊጥ ነው። የመንደሩ ሴቶችም አንድ በአንድ ተከተሏቸው፤ ዛሬ ወደ አንገር ቁልቁል ያየ ሰው በመስመር የቆመ ቡቃያ ከደጅ እስከ ደጅ ያያል።

ባደረባቸው የጉበት ሕመም ነቀምቴ ሲታከሙ፣ ጠያቂ ሁሉ ስለ ሕመማቸው ሲያነሣ እሳቸው ስለ ዝናቡ ይጠይቁ ነበር። የደቦው አባት ኦቦ ጆቴ ሊጠይቋቸው በሄዱ ጊዜ፣ ዘንድሮ ደቦው ለሰሊጥ ቀድሞ እንዲወጣ አጥብቀው ለመኗቸው። ኦቦ ጆቴ «እናያለን» ብለው ወጡ። ወይዘሮ ሐረግወይን መልሱን ሳይሰሙ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

ስንዴውን ከእንክርዳዱ የሚለየው አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎተራ ያስገባልን።

ማሳቸው ግን ገና ቡቃያ ነው፤ እኛ ለለቅሶ ብንቀመጥ አረሙ አብሮን አይቀመጥም። እንግዲህ ኦቦ ጆቴ፣ ሕዝቡ ሳይበተን ተነሥተው በሁላችን ፊት ይመልሱ፦ ከሠልስት ማግስት ደቦው የሚወጣው ወደ ሐረግወይን ሰሊጥ ነው ወይስ ወደ በቆሎ?