ታብሌቱ ላይ የነበረው ዱዓ

ኢስራ፣

ለእናቴ የሙት ዓመት ሰደቃ ወደ አገሬ ደጋን ሄጃለሁ።
ታብሌቱን ትቼልሻለሁ። በጋራ ክፍላችን ሌላ ኮምፒውተር የለንም፤ የኮርስሽን ሥራ በሱ ጨርሺ። ገመዱን ጠምዘዝ ካላደረግሽው ቻርጅ አያደርግም።
ውሃ ከመጣ ጀሪካኖቹን ሙዪ።

ትናንት «ታብሌቱ ሞልቷል፣ የኮርሱን አፕ አልጭን አለኝ» ብለሽ ያጠፋሽው ድምፅ የእናቴ ዱዓ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ፋብሪካ ከመውጣቴ በፊት እሱን ነበር የምሰማው። በኢርፎን ስለሆነ መንዙማ ይመስልሽ ነበር።
ስም አልሰጠሁትም፣ ቁጥር ብቻ ነበረው። አንቺ በምን ታውቂያለሽ?

አልተቀየምኩሽም፣ ወላሂ።

ደጋን ድምፅዋን የቀዳ ሰው ካለ እጠይቃለሁ።
ከሌለ ግን ታብሌቱ አሁን ሰፊ ቦታ አለው፤ የፈለግሽውን ጫኚበት።

ዊዳድ