የሞጣው መስኮት

ማክሰኞ፣ የካቲት 8። ቢቸና፣ ከቀኑ 8 ሰ.
መብራት መጣ። ሁላችንም ወደ ኮምፒውተራችን። መቼ እንደሚሄድ ማን ያውቃል? ሁለት ጥቁር መስኮት ከፍቻለሁ፤ አንዱ የዚህ ቢሮ ማሽን፣ ሌላው በኔትወርክ የምገባበት የሞጣው ቢሮ። የኛው ሞልቷል። ያረጀውን ካርታ ላጥፋ ብዬ rm -rf ጻፍኩ። አጥፋ፣ አትጠይቀኝ ማለት ነው። አልጠየቀኝም።

10 ሰ.
ማስታወሻዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ። የጠፋው የሞጣው ነው። እዚያ ቢሮ የምትሠራው የእናትነሽ ሥራ። የገበሬዎቹን ማሳ ስትለካ የከረመችበት፣ የአንድ ቀበሌ ካርታ በሙሉ። የአቃፊው ስም በሁለቱም ማሽን አንድ ነው፤ ስም ያወጣሁትም እኔው። pwd ብል ኖሮ የት እንዳለሁ ይነግረኝ ነበር። መብራቱ ሊሄድ ነው ብዬ ተጣደፍኩ። ቅጂ ማስቀመጥም የኔ ሥራ ነበር፤ ነገ ነገ እያልኩ።

ረቡዕ
እናትነሽ ደወለች። ልኬቱን ጨርሳ ከወጣችበት የወሊድ ፈቃድ የተመለሰችው በቅርቡ ነው። ሥራዬ የለም አለች። ምናልባት ሳላስቀምጠው ዘግቼው ይሆናል ብላ ራሷን ትወቅሳለች። እስቲ እፈልገዋለሁ አልኳት። እፈልገዋለሁ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ
የምሬን ስፈልግ ዋልኩ። የለም። ደውዬ አላገኘሁትም አልኳት። አለቃዋ በግዴለሽነትሽ ነው ብሏታል፤ ክረምት ሳይገባ እንደገና ትለካለች። ሕፃኑን ለእናቷ ትታ፣ በዚያ ፀሐይ። ከዚያ ምን አለችኝ?
«ወንድሜ፣ አንተንም በከንቱ አደከምኩህ። ይቅር በለኝ።»
እኔ ደግሞ ኧረ ምንም አይደል አልኳት። ምንም አይደል! አፌን በቆረጠው።

ቅዳሜ
ወረቀት ጽፌ ማሽኑ ላይ ለጠፍኩ። መጀመሪያ pwd። ቀጥሎ ls፣ ምን እንዳለ እይ። ስታጠፋ -i፣ እየጠየቀህ ይጥፋ። መብራት ቢሄድ ይሂድ። ባልደረባዬ አየና ውዳሴ ማርያም አደረግከው እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። እኔ አልሳቅሁም። ወረቀቱ ለእናትነሽ ምን ይፈይድላታል?

ሰኞ፣ ሞጣ
ማንም አልላከኝም። ደብረ ወርቅ ላይ ጎማ ፈነዳ፤ ልመለስ ብዬ አሰብኩ፣ አልዋሽሽም፣ ማስታወሻዬ። አሁን ከቢሮዋ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ተቀምጫለሁ። ስናገር የምለውን መንገድ ላይ አዘጋጅቼው ነበር፤ ጠፋኝ።

መጣች። ከመስክ ነው፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ሜትሩ ብብቷ ሥር። አየችኝና ፈገግ አለች። እሷን ላግዝ የመጣሁ ነው የመሰላት። ሻይ አላዘዝኩላትም። ከመቀመጧ በፊት፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብዬ ነገርኳት።