ጠንካራ መርከቦች ብቻ የሚሰጥሙበት ወደብ

ኖቬምበር 2፣ 1809፣ ሐሙስ

ምንም የለም። የጥርሴ ሕመም እንደ ትናንቱ ነው። ምሳ፣ ጨው የበላው ዓሣ በድንች። ከሰዓት በኋላ አንድ ባለጀልባ መልሕቁ ጠፍቶበት ቃለ መሐላ አስጻፈ። በልማዴ ጀመርኩለት፦ «መርከቧ ጠንካራ፣ ውሃ የማታስገባ፣ በሰውም በዕቃም የተሟላች ሆና ሳለ...»

በዚህ የወደቡ መሐላ መዝጋቢ ወንበር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በሜይን ጠረፍ ስለ ጠፋ ሁሉ ይህንኑ ነው የጻፍኩት። ከዚህ ወደብ ወጥታ የሰጠመች ደካማ መርከብ አንድም የለችም። የሚሰጥሙት ጠንካሮቹ ናቸው። ደካሞቹ ምን እንደሚያደርጉ እንጃ... ይንሳፈፉ ይሆናል።

እህቴ ኬዚያ የፖም ኬክ ይዛ መጣች። ባሏ ባርዚላይ ምክትል ካፒቴን የሆነባት መርከብ፣ «ትዕግሥት»፣ ሰሞኑን ትገባለች። ልጃቸው ሄኖስ ደግሞ በ24 በምትነሳው በ«ጥንቃቄ» ላይ ተቀጥሯል። «አባት ሳይገባ ልጅ ይወጣል፤ ቤቴን በር አደረጉት እኮ ጋሼ» አለችኝ። ሳቅን።

ኖቬምበር 7፣ ማክሰኞ

«ትዕግሥት» ሰጠመች። ከዘጠኝ ሰው ሁለት ተረፈ፤ ካፒቴን አሳ ፌንዊክና ወጥ ቤቱ ፕሪመስ። ዓሣ አጥማጆች ናቸው ከጀልባ ላይ ያነሷቸው። ባርዚላይ የለም።

መርከብ ያጠፋ ካፒቴን በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ እኔ ዘንድ ቀርቦ ቃሉን ማስመዝገብ አለበት። ልብሱን ሳይቀይር መጣ። የሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ጥርሱ እየተፋጨ...

«ነፋሱ እንዴት ነበር?»

«ባርኔጣ አያነሳም ነበር።»

«ታዲያ?»

«በስተኋላ ሳንቃው ተከፈተ። ፓምፑን ብንለው ብንለው ውሃ አይወጣም። ፍርፋሪ ነው የሚወጣው። የበሰበሰ እንጨት ፍርፋሪ። ዘጋው።»

እንዳለው መዘገብኩ። ፕሪመስም «ልክ ነው ጌታዬ» አለ። ከዚያ ለኬዚያ የምነግራት እኔ ነበርኩ። ሄድኩ፤ ነገርኳት። የሆነውን እዚህ አልጽፍም።

ኖቬምበር 8፣ ረቡዕ

ባለመርከቡ አቶ ጆታም ስፕራውል ጥቁር ለብሰው መጡ። ሐዘናቸው ከልብሳቸው አላለፈም።

ሁለቱም መርከቦች የእሳቸው ናቸው። በአንድ ክረምት፣ ከአንድ ጫካ እንጨት የተሠሩ እህትማማቾች። መንግሥት መርከብ ከወደብ አይውጣ ባለበት ጊዜ ሁለቱም ጭቃ ላይ ተጋድመው አሥራ አራት ወር ሙሉ ዝናብ ጠጡ። እገዳው ሲነሳ አቶ ጆታም ምን አደረጉ? ቀለም ቀቧቸው። ቀለሙስ እውነትም ጠንካራ ነው።

«ኃይለኛ ማዕበል ነበር አሉ» አሉኝ።

«ማን አለ?»

«ካፒቴኑ ነዋ።»

«ለእኔ ነፋሱ ባርኔጣ አያነሳም ነበር ብሎኛል።»

«ሰውዬው በርዶት ነበር፣ አቶ ኤሊፋሌት። የበረደው ሰው ይቀባጥራል። አሁን ሞቆታል።»

ካፒቴኑ ከጀርባቸው ቆሟል። አዲስ ኮት ለብሷል። እውነትም ሞቆታል። ወለሉን ያያል።

«ፕሪመስስ?» አልኩ።

«ወጥ ቤት ስለ ነፋስ ምን ያውቃል?»

ፕሪመስ በሩ ላይ ነበር። «ድስቴ ከምድጃው አልተንቀሳቀሰም፣ ጌታዬ። ማዕበል ሲመጣ ከካፒቴኑ ቀድሞ የሚያውቀው ድስት ነው» አለ።

አቶ ጆታም አልሰሙትም። ሰው መስማት የማይፈልገውን ሲሰማ ጆሮው ላይ ክዳን አለው መሰለኝ። ዓርብ ሙሉውን ቃለ መሐላ ያዘጋጁ፣ የተለመደውን፣ ብለውኝ ወጡ። ሙሉው ጽሑፍ ወደ ቦስተን፣ ወደ መድን ሰጪዎቹ ይሄዳል። ማዕበል ካለ ማንም «ጥንቃቄ»ን አገላብጦ አያይም። ሄኖስ በ24 ይሳፈራል።

ሙሉው የሚዘጋጀው ከመጀመሪያው ምዝገባ ነው። ደንቡ እንደዚያ ነው። ደንብ አክባሪ ሰው ነኝ...

ኖቬምበር 10፣ ዓርብ

ሆነ።

ከመፈረሙ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ይኼም ደንብ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ሰው እንኳ ሲያዳምጥ አላየሁም። ሁሉም የሚለውን ያውቁታላ። ድምፄም ያግዛል፤ የቀብር ጸሎት የሚያሰማ ድምፅ ነው ይሉኛል።

ጀመርኩ፦ «ጠንካራ፣ ውሃ የማታስገባ፣ በሰውም በዕቃም የተሟላች...» የአቶ ጆታም ዓይን ወዲያው ከበደ። «...ተብላ በመድን ወረቀቷ ላይ የተጻፈችው መርከብ፣ ባርኔጣ በማያነሳ ነፋስ፣ የኋላ ሳንቃዋ ተከፍቶ...» ድምፄን አልለወጥኩም። ፓምፑን አነበብኩ። ፍርፋሪውን አነበብኩ። አሥራ አራቱን ወር ጭቃ ፕሪመስ ጨምሮ አስመዝግቦ ነበር፤ እሱንም አነበብኩ። ድስቱንም። አቶ ጆታም የኪስ ሰዓታቸውን አወጡ፣ አዩ፣ መለሱ።

ካፒቴኑ ብዕሩን ያዘ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ሁሉም አለበት?»

«ያሉት ሁሉ አለበት።»

ፈረመ። ሰምቶ ነበር? እንጃ። ሌሊቱን ሳስበው አድራለሁ።

ፕሪመስ መጻፍ አይችልም፤ መስቀል ነው የሚያሰምረው። «ትልቅ ላድርገው?» አለኝ። ይኼ ሰው ግን እያንዳንዷን ቃል ሰምቷል። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አቶ ጆታም ገልበጥ እንኳ ሳያደርጉ አጣጠፉት፣ በገዛ ሰማቸው አተሙት፣ ለቦስተን ሠረገላ በገዛ እጃቸው ሰጡ። ትጉህ ሰው።

ኖቬምበር 12፣ እሑድ

ቄሱ ስለ ሰባቱ ሟቾች ሰበከ። መርከበኛ ይሳደባል፣ እግዚአብሔርም ይቆጣል አለ። ባርዚላይ እኮ ጣቱን በመዶሻ መትቶ «ወይ ጉድ» ከማለት አልፎ አያውቅም። እግዚአብሔር ተሳዳቢ ከፈለገ ዛሬ እኔን ይጠይቀኝ።

ደጃፉ ላይ ኬዚያ አልፋኝ ልትሄድ ስትል ክንዷን ያዝኩ።

«ልቀቀኝ። የባሌን ሞት በዚያች ‹ጠንካራ› በምትላት ቃልህ ጻፍከው አይደል? ልጄንም በሷው ልትሸኘው ነው?»

«ሄኖስን አስቀሪው እንጂ።»

«ፈርሟል። ቢቀር ፈሪ ይሉታል፣ ሁለተኛም የሚቀጥረው የለም። አንተ ግን ብዕር ነበረህ ጋሼ።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። ዛሬ ብነግራት ነገ ከተማው ያውቃል፣ ከነገ ወዲያ አቶ ጆታም ፈረስ ልከው ደብዳቤውን ይደርሱበታል። እህቴ ስትጠላኝ ቆሜ አየሁ።

ኖቬምበር 17

ከቦስተን ምንም። «ጥንቃቄ» ላይ በርሜል ይጫናል። ቀለሟ ያበራል።

ኖቬምበር 19

ምንም። ደብዳቤውን እዚያም ማንም ባያነብስ? እዚያም ያሉት የእኛው ዓይነት ሰዎች ቢሆኑስ?

ኖቬምበር 21፣ ማክሰኞ

አነበቡት።

አቶ ጆታም በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አሉኝ።

«ምን አደረግክብኝ?»

«አነበብኩልዎት እኮ።»

«እሱን ማን ያዳምጣል?»

«ፕሪመስ አዳምጧል።»

የ«ጥንቃቄ» ሳንቃ በእነሱ ሰው ሳይመረመር መድን የለም ብለዋል ቦስተኖች። ሰውዬውም በመንገድ ላይ ነው። ስህተት ነበር ብለህ ጻፍ አሉኝ።

«ቃሉ የካፒቴኑ ነው። ይምጣና ማዕበል ነበር ብሎ ይማል። ያኔ አንደኛው መሐላ ውሸት ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ ዳኛው ይጠይቀዋል።»

ካፒቴኑ የለም። ያንን አዲስ ኮት ወንበር ላይ ትቶ ፖርትላንድ እህቱ ዘንድ ሄዷል። ሰምቶ ነበር ማለት ነው? ...

«ለሰባት ሰው ብለህ የከተማውን እንጀራ ዘጋህ» አሉ ሲወጡ። ለሰባት ሰው ብለህ! ሰባት በርሜል ቢሆን እኮ በስም በስሙ ቆጥረው ያለቅሱ ነበር።

ኖቬምበር 23፣ ሐሙስ

ባሕሩ ሲሸሽ «ጥንቃቄ» ጭቃው ላይ ቀረች። ከተማው ሁሉ ወጥቶ ቆመ። የቦስተኑ መርማሪ ትንሽ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው። ወስፌውን በስተኋላ ካለው ሳንቃ ላይ አሳርፎ ገፋ አደረገ። እስከ እጀታው ገባ። ድምፅ እንኳ የለውም። ቀለሙን ሲፍቀው ከሥሩ ያለው በጣት ይዘገናል።

«ይቺን እስከ ዛሬ ምን ያዛት?» አለ መርማሪው።

«ልማድ ነው ጌታዬ» አለው ስንጥቅ የሚደፍነው ሽማግሌ።

ሄኖስ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። ማንም ፈሪ አላለውም። ተነሣ፣ ሣጥኑን ተሸከመ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ሌሎቹ ስምንቱም ተከተሉት።

ኬዚያ አጠገቤ መጣች። ጭቃውን በጫማዋ ተሻግራ፣ ከተፋቀው ሥር ሽርጧን ዘርግታ፣ አንድ እፍኝ ብስባሽ አፈሰች።

ኖቬምበር 25

የከተማው ሹማምንት ማኅተሜን ወሰዱ። ምክንያት፦ «የነጋዴዎችን መተማመን ስላናጋ።» አሥራ ዘጠኝ ዓመት ውሸት ስጽፍ የተናጋ ነገር አልነበረም። ፕሪመስ ሰምቶ መጣ፣ ወጥ ሠራልኝ። ባሕር አልመለስም አለ፤ ምግብ ቤት ሊከፍት ነው። በጥርሴ በኩል አላመጥኩም፣ ግን ግሩም ወጥ ነበር።

ኖቬምበር 26፣ እሑድ

ቄሱ ዛሬ ዘጠኝ ነፍስ ስለ ተረፈ ምስጋና አቀረበ። ለማን? ለእግዚአብሔርና መርከባቸውን በጊዜ ላስመረመሩት ለአርቆ አስተዋዩ አቶ ጆታም። በዚሁ አፍ። ሳልጮህ የቀረሁት ጥርሴን ነክሼ ነው፣ የታመመውን።

አቶ ጆታም ግን አልተቀመጡም። ከፊት ያለው ባለ በር አግዳሚ ወንበር፣ ስማቸው የተቀረጸበት፣ ቀይ ትራስ ያለው፣ የእሳቸው ነው። ትራሱ ላይ አንድ እፍኝ የበሰበሰ እንጨት ተቆልሏል። ሰው ሁሉ አየ፣ ማንም አልጠረገም። እሳቸውም እንዳይጠርጉት ሕዝብ ያያል፣ እንዳይቀመጡበት...

ዘወር ብዬ አየሁ። ኬዚያ ከኋላ ነች። ሄኖስ ከጎኗ። ቦታ ለቀቀችልኝ፣ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ስብከቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። አቶ ጆታም ቆመው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል፣ አዳመጡ።