የደብተሩ ዘጠነኛ ገጽ

በሩቅ ላለኸው ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

እህትህን ሳል አልለቅ ስላላት ወደ ሆሚዮፓቲ ሐኪሙ፣ በጥቃቅን ፍሬ ወደሚያክመው፣ ወሰድኳት፤ ያው እናትህን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያከማት ነው። የሰናፍጭ ዘር የምታክል ነጭ ፍሬ ከምላሷ ሥር አደረገላትና የሚሰማትን ሁሉ በደብተር እንድጽፍ አዘዘኝ። እሷማ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «አባዬ፣ ሳዛጋም ትጽፋለህ?» እያለች ትስቅብኛለች። አሁን አሁን ደረጃውን ስትወጣ እናትህ ታርፍበት የነበረው መታጠፊያ ላይ ትቀመጣለች።

ትናንት ሐኪሙን «ሁለተኛ መድኃኒት አይጨመርላትም?» አልኩት።

«አባባ፣ የፊተኛው ሥራውን ሳይጨርስ ሌላ አይደረብም። ሲጀምር ቢብስባትም ደግ ምልክት ነው» አለኝ።

በእናትህ ጊዜም ይህንኑ ብሎኝ ታግሼ ነበር። ትዕግሥት ይሁን ፍርሃት፣ በጸሎቴ ሁሉ ራሴን እጠይቃለሁ።

ደብተሩ ያው የእናትህን ሕመም የጻፍኩበት ነው፤ ባዶ ወረቀት ስለተረፈው ገልብጬ ከኋላ ጀመርኩ። የእናትህ አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ያበቃል። የእህትህ ዛሬ ዘጠነኛው ላይ ደርሷል።

የዓመት ፈቃድህን ቀደም አድርገህ ብትወስድ ደስ ይለኛል። ስትመጣ ታዲያ «አባዬ ጠራኝ» አትበላት፤ እንዲሁ ናፍቃችሁኝ ነው በላት።

ሳንጎድል ያገናኘን።

አባትህ