ለሰብሳቢው መዳፍ የተለካው ሽጉጥ

ለልዩ ኃይሉ የወገብ ሽጉጥ መራጭ ኮሚቴ የተከበሩ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ ወንበርዎ፣ በተለይም ቀኝ መዳፍዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። መዳፍዎን ለይቼ ማንሳቴ ድፍረት አይምሰልብኝ፤ ይህ መዳፍ የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የሦስት መቶ ወታደሮች መዳፍ መሆኑን ከተረዳሁ ወዲህ ብርድ እንዳይመታው፣ እሾህም እንዳይወጋው ስሳሳለት ስለከረምኩ ነው።

በዚህ ዓምድ ስለ ትዳር፣ ስለ ጎረቤት ሐሜትና ቀጠሮ ስለማያከብሩ ልብስ ሰፊዎች ስትጽፍ የኖረች ሴት ከሽጉጥ ጋር ምን አገናኛት ቢሉኝ እውነትዎን ነው። እስከ ባለፈው ወር ድረስ ስለ ሽጉጥ የማውቀው በየትኛው ጫፉ በኩል መቆም እንደሌለብኝ ብቻ ነበር። ዳሩ ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልዎ።

የታላቅ እህቴ ልጅ እርስዎ ሽጉጥ በሚመርጡለት ልዩ ኃይል ውስጥ ስድስት ዓመት አገልግላለች። ቁመቷ ከትከሻዬ እምብዛም አያልፍም። ጓዶቿ «ቁንዶ በርበሬ» ይሏታል፤ ትንሽ ናት፣ የነካት ግን ሲያነጥስ ይውላል። ከአንድ በር ጀርባ የታጠቀ ሰው አለ ሲባል ሁለተኛ ሆና የምትገባው እሷ ናት። በየዓመቱ በሚሰጠው የሽጉጥ ብቃት ፈተና ከሃምሳ ጥይት ከአርባ ስምንት በታች አግብታ አታውቅም፤ ለማለፍ የሚፈለገው አርባ ነው። ዘንድሮ፣ እርስዎ በመረጡላት አዲስ ሽጉጥ፣ ሠላሳ ስድስት አገባች። የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ድጋሚ ትፈተናለች። ያኔም ከወደቀች ከክፍሏ ወጥታ በዋናው በር መስኮት ተቀምጣ የጎብኚዎችን መታወቂያ ቁጥር ትመዘግባለች።

እናቷ፣ ማለትም ስልክ በጮኸ ቁጥር ከመቀመጫዋ የምትነሳው እህቴ፣ በዚህ ዜና ትፈነድቃለች ብዬ ነበር። ስሄድ ወጥ ቤት ቆማ አንድ ብርጭቆ ደጋግማ ስታጥብ አገኘኋት። «ስድስት ዓመት ሙሉ በር ላይ አስቀምጥልኝ እያልኩ ስጸልይ ኖሬ፣ ዛሬ ፊቷን ሳየው ጸሎቴን መልስልኝ አልኩት» አለችኝ። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የዚህችን እናት ጸሎት ያገላበጠው የእርስዎ መዳፍ ስለሆነ ምስጋናዬን በተራ በተራ እንዲህ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሽጉጡ ምርጫ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ከልቤ ነው፣ አይጠራጠሩ። እንዲህ ያሉ የተመረጡ ክፍሎች ከስንት ዓይነት ሽጉጥ መሐል አንዱን ብቻ የሚወስዱት ለምን እንደሆነ ስላልገባኝ የክፍሉን መሣሪያ ጠጋኝ ሄጄ ጠየቅሁት። ሽበታም ሰው ነው፤ ዘይት የነካው ጨርቅ ከኪሱ ስለማይጠፋ «አባ ዘይት» ይሉታል። ጠረጴዛው ላይ በሰልፍ የተደረደሩት ያረጁ የጥርስ ብሩሾች ብዛት፣ አንድ ሙሉ ሰፈር ጥርሱን የሚፍቀው እዚያ ነው ያሰኛል። እኔ ሞኟ «ከሁሉ አብልጦ የሚመታውን ነው አይደል የምትመርጡት?» ብለው ብርጩማው ላይ ሆኖ ሳቀብኝና «እህቴ፣ ጠመንጃው የሥራ ልብሳችን ነው፤ ሽጉጡ ግን ውስጥ ኪስ ውስጥ የተደበቀች የመሳፈሪያ ሳንቲም ናት። ሁሉ ነገር ካለቀብሽ በኋላ ቤትሽ የምትመልስሽ እሷ ናት» አለኝ።

ጠመንጃ ጥይት ነክሶ ሲቆም ወይም ጥይት ሲጨርስ፣ ሰውዬውም አምስት እርምጃ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ወደ ወገብ የሚወርድ እጅ ሽጉጡን የሚፈልግበት ጊዜ የለውም። ዓይን ከሰውዬው ላይ አይነሳም፤ እጅ ብቻውን መንገዱን ማወቅ አለበት። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ሽጉጥ ሲመርጡ ማማሩን አይጠይቁም፤ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ሲነሳ ይተኩሳል ወይ፣ ምላጩ ሲሳብ ያለው ክብደት በመጀመሪያውም በአሥረኛውም ጥይት አንድ ነው ወይ፣ ሲመዘዝ ልብስ ይይዘዋል ወይ፣ የተሰበረ ዕቃው በሰዓት ውስጥ ይተካል ወይ ይላሉ። ከሁሉም በላይ ግን በእያንዳንዱ ሰው መዳፍ ውስጥ እንደ ገዛ ቤቱ ቁልፍ ይቀመጣል ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

አባ ዘይትና ጓደኞቹ በዚሁ መንገድ አምስት ዓይነት ሽጉጥ አሸዋ ውስጥ ቀበሩ፣ በረዶ ቤት አሳደሩ፣ ከጣሪያ ወረወሩ፣ በጓንትም በግራ እጅም አስተኮሱ። ያሸነፈው የሌሎቹን አራት ያህል መልክ የሌለው፣ ጥቁርና ድፍን ነገር ነበር። ካሸነፈባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ደግሞ ከእጀታው ጀርባ የሚገጠሙ ሦስት ተለዋጭ ልባሶች ይዞ መምጣቱ ነው። አንድ ነጥብ ያለባት ለትንሽ እጅ፣ ሁለት ነጥብ ያለባት ለመካከለኛ፣ ሦስት ነጥብ ያለባት ለትልቅ እጅ ናት። አንዲት ፒን ትነቀላለች፣ ልባሷ ትቀየራለች፣ ፒኗ ትመለሳለች። አባ ዘይት እያወራኝ ሠራው፤ ወሬውን ሳይጨርስ ሥራውን ጨረሰ። ኮሚቴዎ ይህን ሽጉጥ ማጽደቁ ብልህነት ነው። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ እኔም ዛሬ ስለ ልብስ ሰፊዎቼ እጽፍ ነበር።

ሁለተኛ፣ እዚያ ላይ ስላላቆሙ አመሰግናለሁ። በአዳራሽዎ፣ ምንጣፉ ላይ፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ራስ ተቀምጠው ሽጉጡን በመዳፍዎ ይዘው «ልክ ነው፣ ሞላኝ!» ማለትዎን በቃለ ጉባኤው አንብቤያለሁ። ጸሐፊዋም እግዜር ይስጣት አንዲት ቃል ሳትጥል ጽፋዋለች። በዕለቱ ሽጉጡ ላይ የተገጠመው ባለ ሦስት ነጥቡ ልባስ ነበርና፣ በማግስቱ «ወጥነትን ስለማስጠበቅ» የሚል ሰርኩላር ወጥቶ በሦስት መቶው ሽጉጥ ላይ ትልቁ ብቻ እንዲገጠም፣ ትንሹና መካከለኛው «ትርፍ» ተብለው ግምጃ ቤት እንዲገቡ ታዘዘ። ምክንያቱም፣ ሰርኩላሩ እንደሚለው፣ ሽጉጦች በሰልፍ ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ ሊኖራቸው ይገባል። ለሁሉም እጅ እንዲሆን ተብሎ የተመረጠውን ሽጉጥ ለአንድ እጅ ማድረግ ተራ ሰው የሚደርስበት ጥበብ አይደለም። የገረመኝ፣ የክፍሉን ጫማ እስካሁን በየእግሩ ልክ ማደልዎ ነው፤ ወጥነት ከቁርጭምጭሚት በታች አይሠራም እንዴ?

የዚህን ወጥነት ፍሬ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቁንዶ በርበሬ የተፈተነችበትን የዒላማ ወረቀት ተጠቅልሎ ቤቷ አገኘሁት። ጥይቶቹ አልተበታተኑም፤ ሁሉም እንዳኮረፉ ዘመዶች በግራ በኩል ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። እጀታው ስለወፈረባት ጣቷ ምላጩን በጫፉ ብቻ ይነካዋል፤ በሳበችው ቁጥር አፈሙዙ ወደ ግራ ይገፋል። አባ ዘይት ወረቀቱን አንዴ አይቶ «ይቺ ልጅ ተኩስ አልጠፋባትም፤ ከሰው እጅ ጋር እየታገለች ነው» አለ። የማን እጅ እንደሆነ ግን ስም አልጠራም፤ ጨዋ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ሕክምና ማስረጃው። ልጅቷ ባለ አንድ ነጥቧ ልባስ እንድትሰጣት በጽሑፍ ስታመለክት ጽሕፈት ቤትዎ ማመልከቻዋን አልጣለም፤ የእጇን ትንሽነት የሚያረጋግጥ የሐኪም ወረቀት እንድታመጣ አዘዛት እንጂ። ግማሽ ቀን ተሰልፋ ሐኪሙ ዘንድ ገባች። ሐኪሙ እጇን ገለበጠው፣ ጣቶቿን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ መነጽሩን አውልቆ «እህቴ፣ የት ላይ ነው የሚያምሽ?» አላት። የትም አያመኝም አለችው። እሱም በሙያው ያየውን ብቻ «እጇ ፍጹም ጤናማ ነው» ብሎ ጻፈ። ጽሕፈት ቤትዎም በዚሁ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ እጇ ጤናማ ስለሆነ የተለየ ልባስ አያስፈልጋትም ሲል በማኅተም መለሰላት። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ዓይነት የእምቢታ ደብዳቤ አይቻለሁ፤ ጤነኛ ነሽና ይቅርብሽ የሚል ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ወረቀቱን በክብር አስቀምጬዋለሁ።

አራተኛ፣ ከዚሁ ጋር ተያይዞ ለተሰጣት ምክር፤ የጎማ ኳስ እየጨመቀች እጇን እንድታዳብር ተነግሯታል። ጨመቀች። እጇ በረታ እንጂ አልረዘመም።

አምስተኛው ትንሽ ስለሚያሳፍር ዝቅ ባለ ድምፅ ያንብቡልኝ። ግምጃ ቤቱ ድረስ አብሬያት ሄጄ ነበር። ዕቃ ያዡ ደግ ሰው ነው፤ በሽቦው አጥር በኩል በጣቱ እያመለከተ «ያውላችሁ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ» አለን። ሦስት መቶ የሚያህሉ ትንንሽ ልባሶች በላስቲክ እንደታሸጉ፣ አቧራቸውን ለብሰው ተኝተዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። አንዲት ልስጥሽ ቢል ሰርኩላሩ ይከለክለዋል። ሰርኩላሩን ማሻሻል የሚችለው ደግሞ ኮሚቴው ብቻ ነው፤ ኮሚቴው «ሥራውን በስኬት ስላጠናቀቀ» ተበትኗል ተባልን። ሟች ከሆነ ነፍስ ይማር ልንል ቢሮዎ ብንመጣ የሰብሳቢነት ሰሌዳዎ በሩ ላይ ተወልውሎ ያበራል፣ ውስጥም ሻይ ይጠጣል።

ክቡር ሆይ፣ በቀልድ ጀምሬ ቀልዱ አለቀብኝ መሰለኝ፤ ይታገሱኝ። ሐሙስ የምትተኩሰው ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀት አይተኩስም፣ አራት ጥይት ብትስት አራት ነጥብ ነው። ጓዶቿ ከዚህ ሽጉጥ ጋር ገብተው የሚወጡበት በር ግን ወረቀት አይደለም። ከሦስት መቶው ስንት እጅ እንደሷ ዝም ብሎ በጣቱ ጫፍ እየጎተተ እንዳለ አባ ዘይት ቆጥሬዋለሁ ይላል፤ ከሷ ጋር ሰባ አንድ ነው። ሰባዎቹ ፈተናውን ለጥቂት ስላለፉ ማንም አልጠየቃቸውም። የመሳፈሪያ ሳንቲማቸው የሌላ ሰው ኪስ ውስጥ እንዳለች የሚያውቁት የቸገራቸው ዕለት ነው። እህቴም ብርጭቆዋን ስታጥብ ያየችው ይህንን ነበር፤ ልጇ መስኮት ላይ ብትቀመጥ በእሷ ፈንታ ሁለተኛ ሆኖ የሚገባውም የሌላ እናት ልጅ ነው፣ ሽጉጡም ያው ነው።

የምለምንዎ ሹመት አይደለም፣ ምሕረትም አይደለም፣ ፈተናውም ይቅለል አላልኩም። አንዲት ባለ አንድ ነጥብ ልባስ፣ አንዲት ፒን፣ ከሐሙስ በፊት፤ ለሰባዎቹም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ስድስት ካገባች መዝገቡንና እስክሪብቶውን እኔ ራሴ ገዝቼ በሩ ላይ አስቀምጣታለሁ።

ለሥራ ባልደረቦችዎ፣ ለምንጣፍዎ፣ ቃል ለማትጥለዋ ጸሐፊዎና ለሁላችንም ለሚበቃው መዳፍዎ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ (ትንሽ ስለሆነ ላይታይዎ ይችላል) በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።

የቁንዶ በርበሬ አክስት፣ የዚህ ዓምድ ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመታተሙ በፊት በእጅዎ ላድርስ ብዬ ሰኞ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። እርስዎ አልነበሩም፤ በርዎ ግን ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበርና ለባለጉዳይ ያለዎትን ፍቅር አደነቅሁ። ጎንበስ ስል በሩ እንዳይዘጋ ከሥሩ የተሸጎጠች ጥቁር ቁራጭ አየሁ፤ ጀርባዋ ላይ አንድ ነጥብ አለባት። ጸሐፊዋ «ለናሙና ከመጣው ሳጥን የተረፈች ናት፣ በሩ እየተላተመ ስላስቸገረን ነው» ብላኛለች። የመንግሥት ንብረት ነውና አልነካኋትም። በምትኩ ጎረቤቴን አናጢውን ለበርዎ የእንጨት ሽብልቅ እንዲሠራልኝ ብጠይቀው «ልኩን ሳላውቅማ እንጨት አላበላሽም» ብሎ መለሰኝ። ማክሰኞ ተመልሼ የበርዎን ሥር ለካሁና ሠራልኝ። ሽብልቁን ለጸሐፊዋ ሰጥቻታለሁ፤ ይለዋወጡልን። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ነው።