የምዕራቡ ግማሽ

ሐምሌ 28፣ ከቀኑ 11 ሰ.

የኒም ዛፉን ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። ሰሜን ምሥራቅን ይጋርድብኝ ነበር። የጠፍር አልጋውን አጠበቅሁ። ባትሪዋ ላይ ቀይ ፌስታል ጠቀለልኩ፤ ነጭ ብርሃን ዓይን ያደነዝዛል። ሸራው ሁለት ቦታ ተቀዶ አገኘሁት፤ ሰፋሁት። የነሐሴ ተወርዋሪ ኮከቦች ሊደርሱ ከሳምንት ትንሽ የሚበልጥ ቀራቸው። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ዝግ ነው። እዚህ ድንበር ዳር፣ ሽንፋ ላይ፣ በክረምት ኮከብ መጠበቅ የሞኝ ሥራ ነው ይሉኛል። አይሳሳቱም።

ታንጉት ዘንድሮ ይቅርብህ አለች። በትዳራችን እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ኮከብ ሲወርድ ሰው ይሞታል ሲባል ሰምታ ነው ያደገች። ድሮ ትስቅበት ነበር። አሁን ልጃችን ደሳለኝ ማዶ ሱዳን ነው፣ ጦርነት ውስጥ፤ ስልኩ ከግንቦት ወዲህ አይሠራም። አትስቅም። ከአሸዋ ብዙ የማይበልጥ ጠጠር ነው፣ አየር ላይ ነው የሚቃጠለው አልኳት፤ ለተማሪ እንደማስረዳው።

‹‹ታዲያ ለጠጠር ነው እንቅልፍ የምታጣው፣ አንተ ሰው?››



ነሐሴ 1፣ ማታ

ፍልሰታ ገባ። ታንጉት ከቤተ ክርስቲያን እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ተመለሰች። ምን እንደተሳለች ለእኔ አልነገረችኝም፤ የጎረቤታችን የሙላው ሚስት ናት የነገረችኝ። ሰማዩ እስከ ጾሙ ፍቺ እንዳይከፈት ነው የምትለምነው።

እኔ ጥርት ያለ ሰማይ። እሷ ደመና። በአንድ ጣራ ሥር። ልቆጣ አሰብኩ፤ አልሆነልኝም። ማታ ደመናው ሲወፍር ፊቷ ሲፈታ አየሁ። አብሬያት ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረኝም።

ነሐሴ 3

ዝናብ። ሥራ የለም። ማስታወሻዬ፣ የደሳለኝን ነገር ልጻፍልህና ይውጣልኝ።

ገና ፊደል ሲቆጥር ኮከብ መጠበቅ ጀመርን። ግቢ ውስጥ ራስ ለራስ ገጥመን እንተኛለን። ምሥራቁ የእኔ፣ ምዕራቡ የእሱ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፦ ማንም በሌላው ግማሽ የወደቀውን አይቆጥርም፤ ያየ ጮክ ብሎ ይጠራል። ‹‹ምዕራብ፣ አንድ!›› ሲል የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮኻል። እናቱ ከውስጥ ሆና ትሰድበናለች። አድጎ የትራክተር ሹፌር ሆነ። ማዶ ተሻግሮ ማሽላ የሚዘራበት እርሻ ተቀጠረ። እርሻው ሐምሌ ላይ ስለሚያልቅ ለነሐሴ ኮከብ ቀርቶ አያውቅም።

ግንቦት ላይ ደወለ። መንገዱ ዝግ ነው፤ ሲከፈት እመጣለሁ፤ ግማሼን ማንም እንዳይነካብኝ አለ። ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ መስመሩ ተቋረጠ።

አልተነካም። እጠብቅለታለሁ።

ነሐሴ 5

ሙላው እንደ ልማዱ አጥሩ ላይ። የሰሊጥ መጋዘን ጠባቂ ነው፤ እንደ እኔው እንቅልፍ የለውም።

‹‹መምህር፣ ደመናውን በመጥረጊያ ልጥረግልዎ?››

ከሰ/ምሥራቁ ጀምር አልኩት።

‹‹ኧረ እትዬ ታንጉት ይገድሉኛል! እኔ ከሴትና ከታቦት መሐል አልገባም።››

ሳቅን። ከሳቅሁ ቆይቻለሁ። ደመና፦ ሙሉ።

ነሐሴ 6፣ ማታ 2 ሰ.

ሙላው ዛሬ አልቀለደም። ከሩቅ፣ መሬት መሬት እያየ ሰላም አለኝ። ከሰዓት በኋላ ከመተማ የመጣ መኪና ደጁ ቆሞ ነበር፤ ከማዶ የሚመለሱ ሰዎችን የሚጭነው። ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ስደርስ ተነሥቷል። ወሬ አለ ወይ አልኩት። የለም አለ፤ ፊቱን አዙሮ።

ሲመሽ ሚስቱ ሽሮ በድስት ይዛ መጣች። ታንጉት እስክትጠግብ ከጎኗ አልተነሣችም፤ ጾሙ ይጎዳሻል እያለች በእጇ አጎረሰቻት። ለእኔም ጨመረችልኝ። ሙላው አጥሩ ላይ መጥቶ ዛሬ ውጭ ነው የሚተኙ ወይ አለኝ። ወደ ላይ አሳየሁት። በዚህ ደመና? ቤት ነው የምተኛው።

‹‹ደግ አደረጉ፣ መምህር። ይረፉ።››

አሞት ይሆናል። ነገ እጠይቀዋለሁ።

ነሐሴ 7፣ ከሌ. 8 ሰ.

ተከፈተ!

ነፋስ ነው የቀሰቀሰኝ። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ነው የሚመስል። ጨረቃ የለችም። ታንጉት ተኝታለች፤ በሩን ቀስ ብዬ ገጠምኩት። አልጋው ረጥቧል፤ ምን ቸገረኝ።

ምሥራቅ፣ አንድ። ምሥራቅ፣ ሁለት። ሦስተኛው አረንጓዴ፣ ጭራው ቆየ። በሹክሹክታ ነው የምጠራ። ከዚያ በዓይኔ ጠርዝ፣ በምዕራብ፣ ትልቅ። ወደ ድንበሩ ድረስ ወረደ። አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። የእሱ ነው። አልቆጠርኩትም።

ሲመጣ እነግረዋለሁ። ይናደዳል።

ከሌ. 10 ሰ. ተኩል

ሙላው ግቢ ባትሪ በራ። ሌላም። ሰዎች አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ጋቢ ለብሰዋል፤ ጫማቸውን ከጭቃው እያላቀቁ፣ ሳይነጋገሩ። ቄሱም አሉበት፤ በሳላቸው ለየኋቸው። ሙላውን ሰማሁት፦

‹‹ቀስ በሉ። መምህርም ውስጥ ናቸው። ትንሽ ይንጋ፤ ትንሽ ይተኙበት።››

ማስታወሻዬ፣ ስንት ደጅ እንዲህ ቆሜያለሁ። ጎሕ ሳይቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ለመርዶ። ብዙ ጊዜ ቃሉን እኔ ነበርኩ የምናገር፤ መምህር ነው፣ አይንተባተብም እያሉ። በዋዜማው ማታ አንድ ሴት ትላክና ቤተሰቡን ታበላለች፤ ከመርዶው በኋላ እህል አይወርድላቸውምና። ይህንንም አዝዤ አውቃለሁ።

ሽሮው።

ከሙላው ግቢ ወዲህ ያለው ቤት የእኔ ብቻ ነው።

ልጄ።

ከሌ. 11 ሰ.

አላዩኝም። የኒሙ ጥላ ውስጥ ነኝ። ልጮኽ እችላለሁ። አልጮኽም። ታንጉት እስኪነጋ የደሳለኝ እናት ሆና ትተኛ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከእንግዲህ አታገኝም።

ኮከቦቹ አላቆሙም። ጠጠር ናቸው። አስተምሬዋለሁ፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬዋለሁ። ጠጠር ናቸው።

ትጠይቀኛለች። ዛሬ ባይሆን፣ ከአርባው በኋላ፣ አንድ ቀን። ያን ሌሊት ሰማዩ እንዴት ነበር ትለኛለች። ወሰንኩ። ዝግ ነበር እላታለሁ። አንድም አልወረደም፤ ልመናሽ ደርሷል እላታለሁ። ለማንም ተማሪ ነጥብ ጨምሬ አላውቅም። ለእሷ ግን ሰማዩን ሙሉ እዋሻለሁ።

ሰ/ምሥራቅ መንጣት ጀመረ። የአጥሩ በር ተከፈተ። ሙላው ከፊት ነው፣ ወደ ቤቱ በር እያየ፤ ወደ እኔ አይደለም። ትንሽ ጊዜ አለኝ።

ግማሹን የሚጠራለት የለም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ልሻረው።

ምዕራብ፣ አንድ።

ምዕራብ፣ ሁለ—